ውርጭን ቀድሞ የሚያውቅ የሰፈር መረብ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ገመድ አልባ ሴንሰሮችን መትከል

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱም ያረፈበት ሌሊት ገበሬን እንቅልፍ ይነሳል። ስልክ ላይ የሚታየው የአየር ትንበያ ለከተማው በሙሉ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ቀዝቃዛ አየር ግን ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ጉብታው ላይ 4 ዲግሪ ሲሆን ከሥሩ ያለው የባቄላ ማሳ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ይህን ልዩነት የሚያሳየው እዚያው ማሳው ውስጥ የቆመ ሴንሰር ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ አንድ ጌትዌይና አምስት ኖድ ያለውን መረብ ከዕቃ ግዢ አንሥቶ እስከ ስልክ ማንቂያ ይወስዳችኋል። ኖድ የምንለው ለክቶ በራዲዮ የሚልከውን ትንሹን ሣጥን ነው፤ ጌትዌይ ደግሞ የሁሉንም መልእክት ተቀብሎ ለሰርቨር የሚያቀብለው ነው። ሦስቱ ኖዶች ውርጭ ይጠብቃሉ፣ አንዱ የሰፈሩን ሮቶ፣ አንዱ የበሬሳን ወንዝ ከፍታ ይለካል። አርዱይኖ በተባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ኮድ መጫን የሚችል አንድ ሰውና ስታኞ ይዞ መበየድ የሚያውቅ አንድ ሰው ካላችሁ በቂ ነው።

ነዋሪዎች ራሳቸው እንዲህ ያለ መረብ ሲዘረጉ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 አምስተርዳም ውስጥ 10 ጌትዌይ ተተክሎ ከተማው በስድስት ሳምንት ተሸፈነ፤ ዘ ቲንግስ ኔትወርክ የሚባለው ዓለም አቀፍ መረብ የተወለደው ከዚያ ነው። ዘዴው እዚህም ይሠራል። ነገር ግን እዚያ የተጻፈ መመሪያ መብራት የማይጠፋበት ቤት፣ ኢንተርኔት የማይቋረጥበት መስመር፣ ከባሕር ጠለል ብዙ ያልራቀ ከተማ ታሳቢ አድርጎ ነው የሚነሣው። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታና በዚያ ብርድ ላይ ባትሪው፣ የድምፅ ፍጥነቱ፣ የግፊቱ ቁጥር፣ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ሳይቀር ይለያል። ከዚህ በታች ረዘም አድርገን የምንቆየውም እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

ዕቃ ከመግዛት በፊት

መጀመሪያ የምትመልሱትን ጥያቄ ወስኑ። «ሁሉንም እንለካ» ብሎ የተነሣ መረብ ብዙ ጊዜ በስድስት ወሩ ባትሪው አልቆ ይቀራል፤ የሚጠይቀው ሰው የለማ። «ዛሬ ሌሊት ባቄላዬን ውርጭ ይመታዋል?» ወይም «ሮቶው ውስጥ ውሃ አለ?» የሚል ጥያቄ ግን በየቀኑ የሚጠየቅ ነው፤ መልሱ ሲቀር ሰው ደውሎ ይቆጣል። ያ ቁጣ ነው መረቡን በሕይወት የሚያቆየው።

ሁለተኛ ፈቃድ። የራዲዮ ሞገድና የሬዲዮ ዕቃ ጉዳይ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥልጣን ነው። ሎራ በጥቂት ኃይል ሩቅ የሚልክ የራዲዮ ዘዴ ነው፤ ሞጁሎቹ 433፣ 868 እና 915 ሜጋኸርዝ እየተባሉ ስለሚሸጡና አንዱ በሌላው ስለማይተካ፣ የትኛው ሞገድ እንደሚፈቀድና ዕቃው የዓይነት ማረጋገጫ ያስፈልገው እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቃችሁ መልሱን ሳትይዙ አትዘዙ። ጉምሩክ ላይ የሚቆም ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በዚህ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶች በ868 የተሠሩ ናቸው።

ሦስተኛ የቀበሌ ደብዳቤ። ድልድይ ላይ ወይም ማሳ ዳር የታሰረ፣ ሽቦ የወጣለት ሣጥን ያየ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ደብዳቤውን ቅጂ አድርጋችሁ ለጥበቃዎችና ለአካባቢው ሚሊሻ ስጡ። በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ በትልቁ «የሙቀት መለኪያ ነው፤ ካሜራም ድምፅ መቅጃም የለውም» ብላችሁ ጻፉ፣ የኃላፊውንም ስልክ ጨምሩበት።

ባለቤትነቱን ለእድር ብትሰጡት እንመርጣለን። እድር ገንዘብ ያዥ አለው፣ ዕቃ ግምጃ ቤት አለው፣ ንብረት መዝግቦ መረከብ ያውቃል፣ አባሉም በየወሩ ይሰበሰባል። የትምህርት ቤት ክበብ ጉልበትና እውቀት ያመጣል፤ ተማሪው ሲመረቅ ግን የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል።

ዕቃው

ለጌትዌዩ፦
- ስምንት ቻናል የሚሰማ የሎራዋን (በሎራ ላይ የሚሠራው የመረብ ደንብ) ጌትዌይ፣ ኤስኤክስ1302 ቺፕ ያለው፦ 1
- የፋይበርግላስ አንቴና፣ 5 ወይም 6 ዲቢአይ፦ 1
- ራስበሪ ፓይ 4 (ሰርቨር የሚሆነን ትንሽ ኮምፒውተር) ከኤስኤስዲ ጋር፦ 1
- 12 ቮልት 20 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከቻርጀሩ ጋር፦ 1
- ሲም የሚገባበት የዩኤስቢ ሞደም፦ 1
- የመብረቅ መከላከያ፣ የመሬት ዘንግና የመዳብ ሽቦ

ለአምስት ኖድ፣ መጠባበቂያን ጨምሮ፦
- ኢኤስፒ32 (ኮዱን የሚያስኬደው ቺፕ) ከኤስኤክስ1262 ሎራ ጋር አንድ ላይ ያለበት ቦርድ፦ 7
- ቢኤምኢ280 የሙቀት፣ የእርጥበትና የግፊት ሴንሰር፦ 4
- ውሃ የማያስገባ ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር፦ 6
- ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ የድምፅ ርቀት መለኪያ፦ 3
- 18650 ባትሪ፦ 14
- 4.7፣ 1፣ 2 እና 220 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች፣ ሞስፌት (በኮድ የሚታዘዝ የኃይል ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ወደ 5 ቮልት ማሳደጊያ
- ዝናብ የማያስገባ የፕላስቲክ ሣጥንና የኬብል ግላንድ (ውሃ ሳያስገባ ኬብል የሚያሳልፍ መግቢያ)

ገበያ ላይ ሦስት ማታለያ አለ። «ቢኤምኢ280» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ እርጥበት የማይለካው ቢኤምፒ280 ነው፤ የቺፑን መለያ በኮድ አንብቡት፣ እውነተኛው በሄክሳዴሲማል 60 ይላል፣ ሌላው 58። ባትሪ ላይ 9,900 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚል ጽሑፍ ካያችሁ መልሱት፤ በተለምዶ የሚገኘው ጥሩ 18650 ወደ 3,500 ይደርሳል፣ ክብደቱም 45 ግራም አካባቢ ነው። ሦስተኛው በርካሽ የሚገኘው «ባለ አንድ ቻናል ጌትዌይ» ነው። ኖዶች ቻናል እየቀያየሩ ስለሚልኩ አብዛኛውን መልእክት አይሰማም፤ ለሙከራ ጠረጴዛ እንጂ ለመረብ አይሆንም።

ጌትዌዩ የት ይሰቀል

ከፍ ያለ፣ ጥበቃ ያለው፣ መብራት የሚደርስበት ቦታ ፈልጉ። የትምህርት ቤት ፎቅ ወይም የውሃ ታንከር ማማ ጥሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን አብዛኛውን ጊዜ ጉብታ ላይ ስለሆነች የምትመች ናት፤ ፈቃዱን ከሰበካ ጉባኤው በደብዳቤ ጠይቁ፣ ሕንፃው ላይ ሳይሆን ቅጥሩ ውስጥ የራሱን ምሰሶ ለማቆም።

የሎራ ሞገድ በመስመር መታየትን ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ባለው መስመር ዙሪያ ክፍት አየር ይፈልጋል። 5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ መሐሉ ላይ የሚፈልገው ክብ ራዲየሱ 21 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ 60 በመቶው፣ ማለትም ወደ 12 ሜትር ተኩል፣ ነጻ ከሆነ ይበቃል። ስለዚህ በመካከል የባሕር ዛፍ ደን ካለ ጫፉ ላይ አሻግሮ ማየት ብቻ አይበቃም። ቅጠሉ ክረምት ላይ ሲርስ ደግሞ የበለጠ ይውጣል። በበጋ ሞክራችሁ «ሠራ» ያላችሁት መስመር ሐምሌ ላይ እንዳይጠፋ ቢያንስ 10 ዴሲቤል ትርፍ ተዉለት።

ሙከራው ቀላል ነው። አንድ ኖድ በየ30 ሰከንዱ እንዲልክ አድርጋችሁ ሊተከልባቸው በታሰቡት ቦታዎች ሁሉ ይዛችሁ ቁሙ፣ በየቦታው 20 መልእክት ይሂድ። ሰርቨሩ ላይ የተመዘገበውን ኤስኤንአር (ምልክቱ ከጫጫታው አንጻር ያለውን ልክ) እዩ። ኤስኤፍ7 በተባለው ፈጣኑ አላላክ ዝቅተኛው የሚነበበው ‎-7.5 ዴሲቤል ነው፣ በዘገምተኛው ኤስኤፍ12 ‎-20። ትርፉን ስትደምሩ፣ በኤስኤፍ7 እንዲሠራ የምትፈልጉት ቦታ ከ‎+2.5 በላይ ማሳየት አለበት።

አንቴናውን ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ አውጡት። ከቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ አንቴና የታሰረ ነው። ረጅም ቀጭን ኬብልም ያው ነው፦ አርጂ58 የሚባለው ኬብል በዚህ ሞገድ በ10 ሜትር ውስጥ 5 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም ከኃይሉ ሁለት ሦስተኛውን፣ ይበላል። ጌትዌዩን ራሱን ዝናብ በማያስገባ ሣጥን አድርጋችሁ ከአንቴናው ሥር ስቀሉት፤ ወደ ላይ የሚወጣው የኔትወርክ ኬብል ብቻ ይሁን፣ ኃይሉም በዚያው ይሂድ።

የክረምቱን መብረቅ አትናቁ። ምሰሶውን 1.5 ሜትር ጠልቆ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር በ16 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ እጥፋት ሳታበዙ አገናኙት፣ በአንቴናውና በጌትዌዩ መካከል የመብረቅ መከላከያ አስገቡ። ቀጥታ የመታውን መብረቅ ይህ አያቆመውም፤ አጠገብ የወረደው ጌትዌዩን እንዳያቃጥለው ግን ይረዳል።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ጌትዌዩ፣ ፓዩና ሞደሙ አንድ ላይ 10 ዋት ቢወስዱ፣ ከላይ የተጻፈው ባትሪ 240 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ 80 በመቶውን ብንጠቀም 19 ሰዓት ያቆያል። ውርጭ የሚወርድበትን ሌሊት ሙሉ ይሸፍናል ማለት ነው። ፓዩ በኤስዲ ካርድ እንዲነሣ አታድርጉ፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ኤስኤስዲ ያልነው ለዚህ ነው።

የውርጭ ኖድ

1. ለቦርዱ ኃይል ከመስጠታችሁ በፊት አንቴናውን ግጠሙ። ሎራ ሞጁል ያለ አንቴና ሲልክ የማጉያው ክፍል ሊቃጠል ይችላል።

2. ቢኤምኢ280ን በ3.3 ቮልት አገናኙ። ዲኤስ18ቢ20ን አገናኝታችሁ በመረጃ ሽቦውና በ3.3 ቮልቱ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርጉ። ይህ ሬዚስተር ሲረሳ ወይም ሽቦ ሲበጠስ የተለመደው የአርዱይኖ ላይብረሪ ‎-127 ይላል። 85 የሚል ቁጥር ካመጣ ደግሞ ሴንሰሩ ገና ሳይለካ ነው ያነበባችሁት፤ ከትእዛዙ በኋላ 750 ሚሊሰከንድ ጠብቁ። ሁለቱም ቁጥሮች ወደ ሰርቨር እንዳይሄዱ ኮዱ ላይ ጣሏቸው።

3. ባትሪውን ለመለካት ሁለት 220 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገብታችሁ መሐሉን ወደ አናሎግ መግቢያ ውሰዱ።

4. የአየር ሙቀቱን ሴንሰር ከፀሐይ ጋርዱ። የፋብሪካ ጋሻ ከሌለ ስምንት ነጭ የፕላስቲክ ሳህን ገልብጣችሁ፣ በመካከላቸው 15 ሚሊሜትር ክፍተት ትታችሁ፣ በሦስት ረጅም ብሎን ደራርቡ። የላይኞቹን ሁለቱን አትብሱ፤ የቀሩት መሐላቸው ተቀዶ ሴንሰሩ እዚያ ይንጠልጠል። ይህ ካልተደረገ የደጋው ፀሐይ ቀን ላይ ብዙ ዲግሪ ይጨምርበታል።

5. ጋሻውን ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ በቱቦላሬ ስቀሉ። ዲኤስ18ቢ20ውን ግን በሰብሉ ቁመት፣ ባቄላ ሲያብብ ባለበት ከፍታ፣ ሰማዩን እያየ፣ ጋሻ ሳይደረግለት ተዉት። ጥርት ባለ ሌሊት ቅጠል ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከ1.5 ሜትሩ አየር በጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ለማንቂያ የምትጠቀሙት ይህን ዝቅተኛውን ነው። ቀን ላይ የሚያሳየው ፀሐይ የመታው ብረት ሙቀት ስለሆነ አትቁጠሩት።

6. ቦታ ስትመርጡ አንዱን ጉብታው ላይ፣ ሁለተኛውን ተዳፋቱ ወገብ ላይ፣ ሦስተኛውን ረባዳው ውስጥ አድርጉ። ከግድግዳና ከቆርቆሮ ቤት የቤቱን ቁመት አራት እጥፍ ራቁ።

ሣጥኑን ሙሉ በሙሉ በሲሊኮን አትድፈኑት። ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየር ይስባል፣ እርጥበቱ ውስጥ ገብቶ ጠል ሆኖ ይቀራል። ኬብሎቹ በሙሉ ከሥር ይግቡ፣ ከመግባታቸው በፊት ወደ ታች ጎንበስ ይበሉ፣ ሣጥኑም ከሥሩ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይኑረው። የግድ ሲሊኮን ካስፈለገ ደግሞ ኮምጣጤ የሚሸተውን አትጠቀሙ፤ አሲዱ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል።

ባትሪና ብርድ

ለውርጭ ኖድ ሶላር አታድርጉ። ይህን ስንል ግር የሚለው አለ፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ኃይል መስጠት ይችላል፣ መቀበል ግን አይችልም። በዚያ ሁኔታ ሲሞላ ሊቲየሙ ውስጡ እንደ ብረት ይለጠፍና ባትሪው አቅሙን ለዘለቄታው ያጣል፣ አልፎም አደገኛ ይሆናል። ረባዳ ማሳ ውስጥ ደግሞ ልክ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሣጥኑ ገና ከዜሮ በታች እያለ፣ ሶላሩ መሙላት ይጀምራል። ቲፒ4056 የተባለው ርካሽ ቻርጀር የሙቀት መለኪያ እግር አለው፤ ነገር ግን በተለመደው ቦርድ ላይ ያ እግር ከመሬት ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ ምንም አይከላከልም።

ሶላር ሳይኖር ባትሪው ይበቃል? እናስላ። ኖዱ በየ10 ደቂቃው ለ3 ሰከንድ ነቅቶ በአማካይ 80 ሚሊአምፔር ቢወስድ፣ ሲካፈል 0.4 ሚሊአምፔር ይሆናል። ሲተኛ 0.1 ቢወስድ ድምሩ 0.5፤ በቀን 12 ሚሊአምፔር-ሰዓት። የ2,500ን ባትሪ ለብርድና ለእርጅና ግማሹን ቀንሰን ብንቆጥር 1,250 ይቀራል፣ 100 ቀን ያህል። ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ብታደርጉ የውርጩን ወቅት ጨርሶ ይተርፋል። ሁለቱን ስታገናኙ ግን በቴስተር ለክታችሁ ቮልታቸው እኩል መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ አንዱ ወደ ሌላው በኃይል ይፈስሳል።

ስሌቱን የሚያፈርሰው እንቅልፉ ነው። ብዙ ቦርዶች ላይ ያለው ኤኤምኤስ1117 የቮልት ማስተካከያ ምንም ሳይሠራ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ይበላል፤ የዩኤስቢ ቺፑና ቀይ መብራቱ ሲጨመሩ 10 ሊደርስ ይችላል። ያኔ በቀን 240 ይሄዳል፣ 100 ቀን ያልነው 5 ቀን ይሆናል። ቦርዱን ከመትከላችሁ በፊት ቴስተሩን በባትሪው መስመር ላይ አስገብታችሁ ሲተኛ የሚወስደውን ለኩ። ከ0.2 ሚሊአምፔር በላይ ከሆነ ሌላ ቦርድ ፈልጉ ወይም ማስተካከያውን ኤችቲ7333 በመሰለ ቆጣቢ ተኩት።

የወንዙ ኖድ ተቃራኒው ነው። የሚፈለገው በክረምት፣ ደመናው ሳይገለጥ ሲሰነብት ነው፤ ያኔ ውርጭ የለም። እሱ ላይ 6 ቮልት 3 ዋት ሶላር ስቀሉ፣ ወደ ሰሜን 15 ዲግሪ አዘንብሉት። ከዚህ ያነሰ ካዘነበለ አቧራውን ዝናብ አያጥበውም። ክረምቱ ሲያበቃ መስከረም መጨረሻ ላይ ሶላሩንም ባትሪውንም አውርዳችሁ ቤት አስገቡ።

የወንዙና የሮቶው ኖድ

ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ድምፅ ልኮ ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል። 5 ቮልት ይፈልጋል፤ የሚመልሰው ምልክትም 5 ቮልት ስለሆነ ወደ ኢኤስፒ32 በቀጥታ አይገባም። በ1 እና በ2 ኪሎ ኦም ከፍላችሁ ወደ 3.3 አውርዱት። ሲተኛ በሞስፌት ኃይሉን ቁረጡት።

የድምፅ ፍጥነት ከሙቀት ጋር ይለወጣል፦ በሴኮንድ 331.3 ሜትር ሲደመር 0.606 በዲግሪው ተባዝቶ። ኮዱ የ20 ዲግሪውን 343 ይዞ አየሩ ዜሮ ከሆነ፣ 3 ሜትሩን 3.11 ብሎ ይነግራችኋል። ወንዙ 11 ሳንቲሜትር የወረደ ይመስላል ማለት ነው፤ ሌሊት በመጣ ቁጥር ወንዙ «ይቀንሳል»፣ ጠዋት «ይሞላል»። ስለዚህ በሁለቱም ኖድ ላይ ዲኤስ18ቢ20 ጨምራችሁ በእሱ አርሙት።

በድልድዩ ላይ ሴንሰሩ ከምሰሶው ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ በቱቦላሬ ክንድ ወደ ታች ይይ፤ የድምፁ ጨረር ሰፊ ስለሆነ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ ውሃ ብሎ ይይዘዋል። ሰባት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን ውሰዱ፤ ማዕበልና የሚንሳፈፍ ቅርንጫፍ በዚያ ይጣራል። የበሬሳን ታች በክረምት ጎርፉ ደለል ስለሚሞላውና ስለሚጠርገው፣ «ጥልቀት» ብላችሁ አትዘግቡ። ድልድዩ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉና ውሃው ከዚያ ምልክት ምን ያህል እንደሚርቅ ዘግቡ።

ሮቶው ላይ ክዳኑን በስታችሁ ሴንሰሩን ቀጥ አድርጋችሁ ግጠሙ። ከሴንሰሩ ፊት 25 ሳንቲሜትር ድረስ አያይም፤ ሮቶው ሙሉ ሲሆን ቁጥሩ የሚዘላብደው በዚህ ነው። ከ25 በታች የመጣውን ሁሉ «ሙሉ» ብላችሁ መዝግቡ። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር የዚህ ኖድ ትልቁ ጥቅም የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት መመዝገቡ ነው፤ «ብዙ ቀን አልመጣም» ከማለት ቀንና ሰዓት ያለው ወረቀት ይዞ ቢሮ መግባት ይለያል።

መልእክቱን ማሳጠር

ጽሑፍ አትላኩ፣ ባይት ላኩ። የአየር ሙቀት 2 ባይት፣ የሰብሉ 2፣ እርጥበት 1፣ ርቀት 2፣ ባትሪ 2፤ ድምሩ 9። የሎራዋን የራሱ 13 ባይት ሲጨመርበት ይህ መልእክት በኤስኤፍ7 57 ሚሊሰከንድ አየር ላይ ይቆያል፤ በኤስኤፍ12 ግን 1.48 ሰከንድ። ሃያ ስድስት እጥፍ ነው፤ ባትሪውም የሌሎቹም ኖዶች ዕድል በዚያው ልክ ይባክናል። ሩቅ ያለ ኖድ ወደ ኤስኤፍ12 ከወረደ መፍትሔው የጌትዌዩን አንቴና ከፍ ማድረግ ነው። ኖዶቹ ስለማይንቀሳቀሱ ኤዲአር የተባለውን ራስ-አስተካካይ ክፈቱ፣ ማረጋገጫ የሚጠይቅ መልእክት ዝጉ፤ ጌትዌዩ መልስ በሚልክበት ቅጽበት ሌላ አይሰማም።

ሙቀቱን በ100 አባዝታችሁ ስትልኩ የመቀነስ ምልክት መያዝ የሚችል ቁጥር አድርጉት። ይህ ካልተደረገ ሁሉም ነገር እስከ ዜሮ ድረስ ደህና ይሠራል፤ ልክ የሚፈለግበት ሌሊት ላይ ‎-1.50 ዲግሪ 653.86 ሆኖ ይመጣል፣ ማንቂያውም «ሙቀት ነው» ብሎ ዝም ይላል። ሣጥኑን ማሳ ከማውጣታችሁ በፊት ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት።

ሰርቨሩ

ፓዩ ላይ ቺርፕስታክ (ኖዶቹንና ጌትዌዩን የሚያስተዳድር)፣ ሞስኪቶ (መልእክቱን የሚያቀብል)፣ ኢንፍሉክስዲቢ (ልኬቱን የሚያስቀምጥ) እና ግራፋና (በግራፍ የሚያሳይ) ጫኑ። ሁሉም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም እዚያው ይሠራሉ። የእያንዳንዱን ኖድ የምስጢር ቁልፍ በእድሩ መዝገብ ላይ በእጅ ጻፉ፣ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ ገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጥ።

ሰርቨሩ የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እኛ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፣ አቆጣጠራችንም ከንጋት ይጀምራል። መዝገቡ 02:00 ሲል ለገበሬው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። በመልእክቱ ላይ ሁልጊዜ በእኛ ሰዓት ጻፉ፤ «02:00» የሚል መልእክት ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተብሎ ይነበባል።

ልኬቱን ማመን

ዲኤስ18ቢ20ዎቹን ሁሉ አንድ ላይ አስራችሁ በተፈጨ በረዶና ጥቂት ውሃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ንከሩ፣ እያማሰላችሁ። ዜሮ ማለት አለባቸው፤ የፋብሪካው ስሕተት እስከ ግማሽ ዲግሪ ስለሚደርስ ለእያንዳንዱ ልዩነቱን ጻፉና በኮድ አርሙት። ለውርጭ ግማሽ ዲግሪ ትልቅ ነገር ነው። በፈላ ውሃ 100 እናረጋግጥ የምትሉ ከሆነ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ግፊቱም ሌላ ማረጋገጫ ነው። እዚህ 720 ሄክቶፓስካል ገደማ ማየት አለባችሁ፤ ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ወደ 870። 1013 አካባቢ ካሳየ ኮዱ ወደ ባሕር ጠለል እየቀየረ ነው።

ማንቂያው

ሁለት መልእክት ይበቃል። የመጀመሪያው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የሚሰላ ነው። ጤዛ የሚጀምርበትን ሙቀት በግምት ለማግኘት 100 ላይ እርጥበቱን ቀንሱ፣ ለ5 አካፍሉ፣ ያንን ከአየሩ ሙቀት ላይ ቀንሱ። 9 ዲግሪና 60 በመቶ ከሆነ 1 ዲግሪ ይመጣል። ውጤቱ ከ2 በታች ሆኖ ሰማዩ ጥርት ካለና ነፋስ ከሌለ «ዛሬ ሌሊት ውርጭ ያሰጋል» ይላካል፤ ሰማዩን ያየ ሰው ተጠይቆ እንጂ ኖዱ ደመና አያይም። እርጥበቱ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ግን ይህ አቋራጭ ስለሚስት ሙሉውን ቀመር ተጠቀሙ። ሁለተኛው መልእክት የሰብሉ ሴንሰር በሁለት ተከታታይ ልኬት ከ1 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነው። አንድ ልኬት ብቻ ከተከተላችሁ የውሸት ማንቂያ ይበዛል፣ በሦስተኛው የውሸት ማንቂያ ሰው ስልኩን ያጠፋል።

በቴሌግራም ቦት ላኩት፣ ነገር ግን ዳታ በሌለበት ሌሊት እንዳይቀር በሞደሙ በኩል አጭር መልእክትም ይሂድ፤ ጋሙ የተባለው ፕሮግራም ይሠራዋል። ለስሙ ብቻ ረጅም የስልክ ዝርዝር አትያዙ። በየጎጡ ተነሥቶ ሌላውን የሚቀሰቅስ አንድ ሰው ካለ ይበልጣል፤ ገበሬው ችግኙን የሚሸፍንበት ወይም መስኖ ካለው ማሳውን የሚያጠጣበት ጊዜ እንዲኖረው ቀዳሚው መልእክት ከእንቅልፍ በፊት መድረስ አለበት።

ሲበላሽ

ኖዱ ከጌትዌዩ 50 ሜትር ርቆ ሲጠፋ አንቴናውን እዩ፦ ኤስኤምኤ እና አርፒ-ኤስኤምኤ የተባሉት ጫፎች ይገጥማሉ፣ ግን መሐል ላይ ያለው መርፌ ላይነካካ ይችላል። ሁሉም ኖድ በአንድ ጊዜ ከጠፋ ጌትዌዩ ነው፤ አንዱ ብቻ ከጠፋ ባትሪውን አስቀድሙ። ዘወትር ንጋት ላይ ጠፍቶ ረፋድ ላይ የሚመለስ ኖድ ባትሪው እያረጀ ነው፣ ብርዱ ቮልቱን ሲያወርደው ሎራው መላክ ያቅተዋል። እርጥበቱ 100 ላይ ተጣብቆ የቀረ ሴንሰር ጠል ገብቶበታል፤ አውጥታችሁ አድርቁት፣ ካልተመለሰ ቀይሩት። የወንዙ ቁጥር ድንገት ወደ 25 ሳንቲሜትር ከዘለለ የሴንሰሩ ፊት ላይ ሸረሪት ድሩን አድርቷል።

ወደ ጣርማበር ማዶ

መረቡ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የውርጭ ወቅት ከሠራ በኋላ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ይጠይቃሉ። ሜዳው ላይ ያለው ጌትዌይ አይደርስላቸውም፤ መሬቱ ጣርማበር ላይ ተሰብሮ ቁልቁል ስለሚወርድ ሞገዱ ከጫፉ በላይ ያልፋል። ሁለተኛ ጌትዌይ የሚያስፈልገው ከጫፉ ላይ፣ ወደ ቆላው ፊቱን አዙሮ ነው። ኖዶቹም ይለወጣሉ፦ ቆላ ላይ ጠላቱ ሙቀት ስለሆነ ባትሪውን ጥላ ውስጥ አድርጉ፣ ሶላሩን ከሣጥኑ ለዩ፣ ከውርጭ ሴንሰሩ ይልቅ የጎርፍ መለኪያውን አስቀድሙ። አዲሱ ጌትዌይ በዚያው በደብረ ብርሃኑ ቺርፕስታክ ላይ ይመዘገባል፤ በመካከሉ ያለው መስመር በሞባይል ዳታ ይሁን፣ ሲቋረጥም መልእክቱን አቆይቶ በኋላ የሚያስተላልፍ ጌትዌይ ምረጡ።